የክሪስታልን ውሃ መዝኖ ማወቅ፦ ከኮፐር ሰልፌት እስከ ጀሶ

ሰማያዊው የኮፐር ሰልፌት ክሪስታል ሲነኩት ደረቅ ነው። በሶፍት ቢጠቀለል ሶፍቱን አያርስም። ሆኖም ከመቶ ግራሙ 36ቱ ውሃ ነው። ይህ ውሃ የክሪስታል ውሃ ይባላል፤ ውሃውን የያዘው ጨው ሃይድሬት፣ ውሃው የወጣለት ደግሞ አንሃይድረስ ይባላል።

ውሃው ክሪስታሉ ውስጥ ባለ ቀዳዳ የተጠራቀመ ፈሳሽ አይደለም። እያንዳንዱ ሞለኪውል የተወሰነ ቦታ አለው። በኮፐር ሰልፌት ለአንድ ኮፐር አምስት ውሃ ይደርሳል፤ አራቱ ኮፐሩን ከብበው ተጣብቀውበታል፣ አምስተኛው በሃይድሮጅን ትስስር ከሰልፌቱ ጋር ታስሯል። ስለዚህ ቁጥሩ እንደ እርጥበት ከፍ ዝቅ አይልም፤ የክሪስታሉ አካል ነው። ቁጥሩ የማይለዋወጥ በመሆኑም በተራ ሚዛንና በአንድ ምድጃ ሊገኝ ይችላል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ጎንደር ውስጥ በሚገኝ ዕቃ፣ ቤተ ሙከራው ባልተሟላ ትምህርት ቤትም ቢሆን፣ የሚሠራ ነው።

መጀመሪያ ጠርሙሱን አንብቡ

ብዙው ስሕተት የሚጀምረው እሳት ሳይነድ ነው። በጠርሙሱ ላይ ከጨው ቀመር ቀጥሎ ነጥብ፣ ከነጥቡ ቀጥሎ ቁጥርና የውሃ ቀመር ካለ ዕቃው ሃይድሬት ነው። ቁጥሩ በኮፐር ሰልፌት 5፣ በማግኒዢየም ሰልፌት 7፣ በጂፕሰም (ጀሶ በሚወጣበት ድንጋይ) 2 ነው። ሶዲየም ካርቦኔት ከሁሉ ይበልጥ ያሳስታል፤ ውሃ የሌለው፣ ባለ 1 ውሃና ባለ 10 ውሃ ሆኖ ይሸጣል፣ ባለ 10ሩ ደግሞ ከክብደቱ 63 በመቶው ውሃ ነው።

ይህ ልዩነት ሶሉሽን ሲዘጋጅ ወዲያው ይታያል። 1 ሊትር 0.1 ሞላር (በሊትር 0.1 ሞል የያዘ) ኮፐር ሰልፌት ለማዘጋጀት ከሰማያዊው 24.97 ግራም፣ ከነጩ አንሃይድረስ 15.96 ግራም ያስፈልጋል። መምህሩ የአንሃይድረሱን ሞላር ክብደት (የአንድ ሞል ክብደት፣ 159.6 ግራም) ይዞ ሰማያዊውን 15.96 ግራም ከመዘነ የሚያገኘው 0.064 ሞላር ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሙከራ ሁሉ በሦስተኛ እጅ ጎድሎ ይወጣል፣ ተማሪውም ጥፋቱን ቡሬት (ፈሳሽ የሚለካበት የብርጭቆ ቱቦ) ላይ ይፈልጋል። የሰማያዊው ሞላር ክብደት 249.7 መሆኑን ጠርሙሱ ላይ በስክሪፕቶ መጻፍ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

የሚያስፈልገው

ትንሽ የሸክላ ክሩሲብል (ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ጽዋ) ከነክዳኑ፣ መቆንጠጫ፣ የብርጭቆ ዘንግ፣ መነጽርና ጓንት። ሚዛኑ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ይሁን፤ ትምህርት ቤቱ ከሌለው ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ትንሽዬ የባትሪ ሚዛን ይበቃል። እስከ 0.1 ግራም ብቻ በሚያነብ ሚዛን 3 ግራም ናሙና መመዘን ዋጋ የለውም። እያንዳንዱ ንባብ በ0.1 ግራም ቢዛባ የውሃው ቁጥር አራትም ስድስትም ሊመስል ይችላል። ያለው ሚዛን እሱ ብቻ ከሆነ ናሙናውን ወደ 20 ግራም ከፍ አድርጉ፣ ሰፋ ባለ የሸክላ ሳህን አሙቁት፣ ጊዜውንም ቢያንስ እጥፍ አድርጉት።

ለሙቀቱ የአሸዋ ድስት ከሁሉ ይሻላል። ከእንግዲህ ምግብ የማይሠራበት ብረት ድስት ውሰዱ፣ ታጥቦ በደንብ የደረቀ አሸዋ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ሙሉበት፣ ክሩሲብሉን እስከ ግማሹ ቅበሩት። እርጥብ አሸዋ ሲሞቅ ይፈናጠራል። ከሰል ምድጃም ቡታጋዝም ይሆናል፤ ከሰል ከሆነ ግን ደጅ ወይም በረንዳ ላይ እንጂ በተዘጋ ክፍል አይደለም። ቴርሞሜትሩ ቢያንስ እስከ 300 ዲግሪ የሚለካ መሆን አለበት፤ እስከ 110 ብቻ የሚለካው የትምህርት ቤት ቴርሞሜትር እዚህ አሸዋ ውስጥ ከገባ ይፈነዳል።

የመጨረሻው ዕቃ ደረቅ ማቀዝቀዣ ነው። ዴሲኬተር ከሌለ አፉ ሰፊ፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የብርጭቆ ዕቃ (የማር ብርጭቆ ጥሩ ነው) ይበቃል። ሥሩ ላይ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ቅደዱና ፍሬውን አንጥፉ። ከረጢቶቹ ለወራት አየር ላይ ቆይተው ከሆነ እርጥበት ጠግበዋልና ፍሬውን ብቻ በ120 ዲግሪ አካባቢ ለሁለት ሰዓት አድርቁት።

አሠራሩ

1. ናሙናውን ምረጡ። ጠርዛቸው የነጣ ክሪስታሎችን ለዩና አውጡ፣ ውሃቸውን በከፊል አጥተዋል። እርጥበት ያለባቸውን በማጣሪያ ወረቀት ወይም በሶፍት መካከል ጫን እያላችሁ አድርቁ። ከዚያ በሸክላ ሙቀጫ እንደ ደቃቅ ጨው እስኪሆኑ ፍጩ። ትልልቁ ፍሬ ሲሞቅ ይሰነጠቅና ይፈናጠራል፣ ውስጡም ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ብረት ሙቀጫና ብረት ማንኪያ አትጠቀሙ፤ ትንሽ እርጥበት ካገኘ ኮፐሩ ብረቱ ላይ ቀይ ቡናማ ሆኖ ይለጠፋል።

2. ባዶውን ክሩሲብል ከነክዳኑ አሸዋው ውስጥ ለ10 ደቂቃ አሙቁ፣ በደረቁ ዕቃ ውስጥ አቀዝቅዙ፣ መዝኑ። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል። ያልተለበጠው የሸክላ ክፍል ግን ከአየር እርጥበት ይመጥጣል፤ መጀመሪያ ካላደረቃችሁት ኋላ ላይ የእሱ እርጥበት ከክሪስታሉ ሂሳብ ላይ ይገባል።

3. ከ3 እስከ 4 ግራም ናሙና ጨምሩና እንደገና መዝኑ። ከዚህ በኋላ ክሩሲብሉን በእጅ አትንኩ፣ በመቆንጠጫ ብቻ።

4. ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አሙቁ። ለመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች አሸዋው ከ100 ዲግሪ ብዙም አይለፍ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ውሃዎች 60 ዲግሪ አልፎ፣ ቀጣዮቹ ሁለት 110 አካባቢ ይለቃሉ። እሳቱን ባንዴ ካበረታችሁት እንፋሎቱ ፍሬዎቹን እየሰባበረ ያስፈነጥራቸዋል። «ጠጥ ጠጥ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ እሳቱን ቀንሱ፤ ከክሩሲብሉ የወጣች እያንዳንዷ ፍሬ በመጨረሻው ሂሳብ ውሃ ተብላ ትቆጠራለች።

5. ሙቀቱን ወደ 220–250 ዲግሪ አሳድጉና ለ20 ደቂቃ አቆዩ። እዚህ ላይ ጎንደር ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ታዲያ የክሪስታሉም ውሃ 93 ላይ አይወጣም ወይ? አይወጣም። የመፍያ ነጥብ የሚመለከተው ነፃ ውሃን ነው። አምስተኛው ውሃ ወደ 200 ዲግሪ ካልቀረበ አይለቅም፤ ስለዚህ በሚፈላ ውሃ ላይ ያስቀመጡት ሳህን ቀኑን ሙሉ ቢቆይም ሥራውን አይጨርስም።

ቴርሞሜትር ከሌለ ሁለት ምልክቶችን ተከታተሉ። ዱቄቱን በብርጭቆ ዘንግ ቀስ ብላችሁ ስትገልጡት ሥሩ ላይ ሰማያዊ ነጥብ መኖር የለበትም፤ ዘንጉ ላይ የተጣበቀውን መልሳችሁ አራግፉ። ቀዝቃዛ መስታወት ከአፉ በላይ ለአፍታ ሲያዝም ጤዛ መታየት የለበትም። ነጭ ወይም ነጣ ያለ ግራጫ ከሆነ ደርሷል። ወደ ቡናማና ጥቁር መዞር ከጀመረ፣ የሚያንቅ ሽታም ካለ፣ ውሃው አልቆ ጨውየው ራሱ እየፈረሰ ነው። ይህ የሚሆነው ክሩሲብሉ በቀጥታ ነበልባል ላይ ሲቀመጥ ነው፤ ያን ናሙና ጣሉትና በአዲስ ጀምሩ።

6. ክዳኑን ግጠሙ፣ ክሩሲብሉን ወደ ደረቁ ዕቃ አስገቡ፣ ለ20 ደቂቃ ተዉት። ትኩሱን መመዘን አይቻልም፤ ከላዩ የሚነሣው ሞቃት አየር የሚዛኑን ሳህን ወደ ላይ ስለሚያነሣ ክብደቱ ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል። ክዳን አልባ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ማቀዝቀዝ ደግሞ ተቃራኒውን ያመጣል፤ ነጩ ዱቄት ውሃ ከአየር ይስባል። በየካቲት ደረቅ አየር ጉዳቱ ትንሽ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን ሚዛኑ ላይ ተቀምጦ ቁጥሩ ሲጨምር በዓይን ይታያል፣ ጫፉም ሰማያዊ ማውጣት ይጀምራል።

7. መዝኑ፣ ለ10 ደቂቃ እንደገና አሙቁ፣ አቀዝቅዙ፣ መዝኑ። የሁለት ተከታታይ ንባቦች ልዩነት ከ0.01 ግራም የማይበልጥ እስኪሆን ድረስ ይህን ድገሙ። በኤሌክትሪክ ምድጃ ስትሠሩ መብራት ቢጠፋ ሙከራው አይበላሽም፤ ክዳኑን ዘግታችሁ በደረቁ ዕቃ አቆዩትና መብራት ሲመጣ ከቆማችሁበት ቀጥሉ።

ሂሳቡ

ባዶ ክሩሲብል 21.46፣ ከነናሙናው 24.96፣ ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ 23.74፣ ከሁለተኛው 23.70፣ ከሦስተኛው 23.70 ግራም ነው እንበል። ናሙናው 3.50 ግራም፣ የወጣው ውሃ 1.26 ግራም፣ የቀረው ነጭ ጨው 2.24 ግራም ነው። 1.26ን ለ18.02 (ለውሃ ሞላር ክብደት) ስናካፍል 0.0699 ሞል ውሃ፤ 2.24ን ለ159.6 ስናካፍል 0.0140 ሞል ጨው። 0.0699 ለ0.0140 ሲካፈል 4.99፣ ማለትም 5። በመቶኛ ደግሞ 36.0 ነው፣ ትክክለኛው 36.1።

ተማሪዎች 5 ካልመጣላቸው ቁጥሩን ወደ 5 ይጎትቱታል። ይህን ከመፍቀድ ይልቅ የተገኘው መቶኛ ምን እንደሚናገር ማሳየት ይበጃል። 29 አካባቢ ከሆነ አራቱ ወጥተው አምስተኛው ቀርቷል፤ አሸዋው 200 አልደረሰም ማለት ነው። 14 አካባቢ ከሆነ ሁለቱ ብቻ ናቸው የወጡት። በ29 እና በ36 መካከል ያለ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፍሬው ሳይደቅ ሲቀር ወይም ዱቄቱ ሲቀዘቅዝ እርጥበት መልሶ ሲስብ ነው። ከ37 በላይ ከሆነ ሦስት ተጠርጣሪዎች አሉ፦ ፍሬ ተፈናጥሯል፣ ናሙናው ሲጀመር እርጥብ ነበር፣ ወይም መፍረስ ጀምሯል። ጥቁር ነገር ካልታየ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መርምሩ።

በማግኒዢየም ሰልፌት መድገም ለሚፈልጉ፦ የሚጠበቀው 51.2 በመቶ ነው፣ ግን ጨው ሲሞቅ በራሱ ውሃ ቀልጦ አረፋ ያወጣል። ክሩሲብሉን ከሩቡ በላይ አትሙሉት፣ ከኮፐር ሰልፌቱም ረዘም ላለ ጊዜ ከፍ ባለ ሙቀት አቆዩት።

ነጩን ዱቄት አትጣሉት

ደረቁ ኮፐር ሰልፌት ውሃ መኖሩን የሚያሳይ መመርመሪያ ነው። ጥቂቱን በሰዓት መስታወት (በትንሽ ጎድጎድ ያለ የብርጭቆ ሳህን) ላይ አድርጋችሁ አንድ ጠብታ ውሃ ብታሳርፉበት ወዲያው ሰማያዊ ይሆናል፣ ይሞቃልም፤ ለማውጣት የፈጀው ሙቀት ሲመለስ ከፊሉ ይገኛል። የቤት አረቄ ጠብ ቢደረግበትም ሰማያዊ ይሆናል፣ ምክንያቱም አረቄ ውስጥ ብዙ ውሃ አለ፤ ውሃ አልባ የሆነ ንጹሕ አልኮል ግን ነጭነቱን አይለውጠውም። ምርመራው ውሃ አለ ወይም የለም ይላል እንጂ መጠኑን አይናገርም። የተመረመረውን አረቄ መጠጣት በፍጹም አይቻልም፣ ኮፐር ሰልፌት መርዝ ነው።

ጀሶ

ከቤተ ሙከራ ውጭ የክሪስታል ውሃ በብዛት የሚታየው ኮርኒስ ላይ ነው። ጂፕሰም፣ በአባይ በረሃ ገደል በሰፊው የሚገኘው ነጭ ድንጋይ፣ ለአንድ ካልሲየም ሰልፌት ሁለት ውሃ ይይዛል፤ 20.9 በመቶ ማለት ነው። 150 ዲግሪ አካባቢ ሲበስል አንድ ተኩል ውሃ ይለቅና ጀሶ ይሆናል። ባለሙያው ጀሶውን በውሃ ሲበጠብጥ ያው አንድ ተኩል ውሃ ይመለስና መርፌ መሳይ የጂፕሰም ክሪስታሎች እርስ በርስ ተጠላልፈው ይደድራሉ። ጀሶ ውሃው ስለተነነ «ደረቀ» ማለት ስለዚህ ልክ አይደለም፤ የሚደድረው ውሃ ስለጠጣ ነው። የፋሲል ግንብን ድንጋዮች ያያያዘው ኖራ ከዚህ ይለያል። ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ በዝግታ ወደ ኖራ ድንጋይነት ይመለሳል፣ ጀሶ ግን በደቂቃዎች ይጨርሳል።

100 ግራም ጀሶ ለክሪስታሉ የሚፈልገው 18.6 ግራም ውሃ ብቻ ነው። በዚያ መጠን ግን ሊጥ እንኳ አይወጣውም፤ ለመፍሰስ 60 ግራም ያህል ይጨመራል። ትርፉ ውሃ ኋላ ተንኖ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፣ ስለዚህም ውሃ የበዛበት ጀሶ በጥፍር የሚፋቅ ደካማ ይሆናል።

በክረምት የተከፈተ ከረጢት ከመግዛታችሁ በፊት እንዲህ ፈትኑ። 60 ግራም ንጹሕ ውሃ በፕላስቲክ ዕቃ ያዙ፣ 100 ግራም ጀሶ በላዩ ላይ በትኑ (ውሃውን ጀሶ ላይ ማፍሰስ እብጠት ያመጣል)፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ለአንድ ደቂቃ አማስሉ። ደኅና ጀሶ በሩብ ሰዓት አካባቢ የጣት ምልክት የሚይዝ ይሆናል፣ ቀጥሎም ዕቃው በእጅ ሲያዝ ግልጽ ሙቀት ይሰማል። ሳይሞቅ ከቀረ ዱቄቱ የሚፈልገውን ውሃ ከአየር ቀድሞ ጠጥቷል። የማይሞቀውን ጀሶ፣ ውሃ በመቀነስ ማጠንከር አይቻልም። የተገላቢጦሹ ችግር፣ ገና ሲማሰል የሚደድር ጀሶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከባልዲው ነው፤ ከትናንት የቀረው የደደረ ፍርፋሪ ለአዲሶቹ ክሪስታሎች መነሻ ስለሚሆን ሥራውን ያፋጥነዋል። ባልዲውን ፍቃችሁ እጠቡ።

የሞተውን ጀሶ መልሶ ማብሰል ይቻላል፣ ለትንሽ መጠን። የደደረውን ፍጩና 200 ግራም በሰፊ ምጣድ ላይ በ140–160 ዲግሪ እያማሰላችሁ አሙቁ። ዱቄቱ እንፋሎቱ ሲወጣ እንደ ገንፎ ይፈላል። መፍላቱ ሲቆም አውጡና መዝኑ። ንጹሕ ጂፕሰም ከነበረ 168.6 ግራም ላይ ሲደርስ ጀሶ ሆኗል። ከዚያ ከወረደ አልፏል፤ 158 ላይ አንድም ውሃ አልቀረውም፣ በጣም ሲቃጠል ደግሞ ውሃ ቢያገኝም አይደድርም ወይም ቀናት ይፈጅበታል። ገበያ ላይ ያለው ጀሶ ሌላ ድንጋይ ስለሚቀላቀልበት ቁጥሮቹን እንደ መመሪያ እንጂ እንደ ፍርድ አትውሰዷቸው።

ሃይድሬት የሚመስሉ

ጨው ፍም ላይ ሲጣል ይንጣጣል፣ ተማሪም ወዲያው «ሃይድሬት ነው» ይላል። የአሞሌም ሆነ የገበታ ጨው ክሪስታል ግን ለራሱ ቦታ ያለው ውሃ የለውም። የሚያንጣጣው ክሪስታሉ ሲያድግ በውስጡ ታሽጎ የቀረ የጨው ውሃ ጠብታ ነው። ብትመዝኑት የሚጠፋው እዚህ ግባ የማይባልና ከናሙና ናሙና የሚለያይ ነው። በክረምት ጨው የሚያረጥበውም ላዩ ላይ በሚያርፍ እርጥበት ነው።

ሊማሊሞ ላይ በጥቁሩ ድንጋይ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚታዩት ነጫጭ ዚዮላይቶች ሌላ ጉዳይ ናቸው። እውነተኛ ውሃ አላቸው፣ ሲሞቁ ግን ደረጃ በደረጃ ሳይሆን ቀስ በቀስ ይለቁታል፣ አጽማቸውም ሳይፈርስ ይቆያል፣ ሲቀዘቅዙ መልሰው ይጠጣሉ። በእነሱ ላይ 5 ወይም 7 የሚል ክብ ቁጥር አትጠብቁ። ኦፓልም ውሃ አለው፣ ነገር ግን ኦፓል ክሪስታል ስላልሆነ ቋሚ ቁጥር ጭራሽ የለውም። ውድ ድንጋይ ደግሞ አሸዋው ድስት ውስጥ አይገባም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ማስቀመጥና ማስወገድ

ባለ 10 ውሃው ሶዲየም ካርቦኔት በበጋ አየር ክዳኑ ላልቶ ከተተወ ውሃውን ይጥልና ይነጣል፣ ክብደቱም ከጽሑፉ ጋር አይገጥምም። አንሃይድረሶቹ ደግሞ በክረምት ይጠጣሉ። ሁለቱንም ወገኖች በጠባብ አፍ ጠርሙስ፣ ክዳኑን በፕላስተር ዙሪያውን አሽጋችሁ አስቀምጡ፣ የተከፈተበትን ቀን ጻፉ።

ኮፐር ሰልፌት ዓሣና አልጌ ይገድላል፤ የሙከራውን ቅሪት ወደ ቀሃም ሆነ ወደ አንገረብ ወንዝ በሚወስድ ቦይ አትድፉት። ሰብስባችሁ መልሱት፤ ለ70 ግራም ሰማያዊ ጨው 100 ግራም ውሃ በብርጭቆ ዕቃ 75 ዲግሪ አካባቢ አሙቃችሁ አሟሙ (አልሙኒየም ድስት ይበላል)፣ በትኩሱ አጣሩ፣ ሸፍናችሁ ሳታንቀሳቅሱ እስከ ነገ ተዉት። ወደ 40 ግራም የሚጠጋ ክሪስታል ይወጣል። የሰበሰባችሁት ነጩ ከሆነ ከ70 ግራሙ ፈንታ 45 ግራም ብቻ መዝኑና ውሃውን ወደ 125 ግራም አድርጉት፤ አምስቱን ውሃ የሚወስደው ከዚያው ነው።